አባ ተስፋ ጽዮን፦ የግእዝን ፊደል በሮም ማተሚያ ቤት ያቆሙ መነኩሴ

አዲስ አበባ፦ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በካዛንቺስ አካባቢ የሚመላለስ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ዓይነት ፊደል ያነባል። አንደኛው ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ በመሥሪያ ቤት ማስታወቂያና በጋዜጣ ዓምድ ላይ የምናውቀው። ሁለተኛው ወደ ቀኝ ዘመም ያለ ነው፤ በሠርግ መጥሪያ ካርድ፣ በሆቴል የምግብ ዝርዝርና በእንግሊዝኛ በተጻፈ ሰነድ ውስጥ ተለይቶ እንዲታይ በተፈለገ ቃል ላይ ይገኛል። ይህ ዘመም ያለ ፊደል በማተሚያ ቤት ሠራተኞች ዘንድ ኢታሊክ ይባላል። ስሙ የተወለደበትን አገር ይናገራል፤ ኢጣሊያዊ ማለት ነው።

የካዛንቺስ ስምም ከዚያው አገር የመጣ ነው። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችባቸው ዓመታት ለመንግሥት ሠራተኞቿ መኖሪያ ቤት የሚሠራ ተቋም ነበራት፤ የተቋሙ ቤቶች በቋንቋቸው ካዜ ኢንቺስ ይባሉ ነበር። የከተማው ሰው ስሙን በራሱ አንደበት አስተካክሎ ካዛንቺስ አለው። ወራሪው ሄደ፤ ስሙ ቀረ። ዛሬ ከቀድሞዎቹ ቤቶች አብዛኞቹ ፈርሰው ሰፈሩ በአዲስ መልክ ሲሠራም ስሙ ከቦታው አልተነሣም።

ኢጣሊያና ኢትዮጵያ በፊደል የተገናኙት ግን ከዚያ ወረራ አራት መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ያን ጊዜ የሄደው ጦር አልነበረም፤ ብራና የያዘ መነኩሴ ነበር። ዘመም ያለው ፊደል በሮም ከፍ ባለ ክብር ላይ በነበረበት ዘመን እኚህ መነኩሴ በዚያችው ከተማ ተቀምጠው የግእዝን ፊደል በእርሳስ አስቀርጸው ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። ስማቸው አባ ተስፋ ጽዮን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሕይወታቸውን ታሪክ እናስታውሳለን። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ተስፋ ጽዮን የተወለዱት በ1510 አካባቢ፣ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመነ መንግሥት ነው። የምንኩስና ሕይወታቸው ከደብረ ሊባኖስ ገዳም ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ዘመን ደብረ ሊባኖስ ከጸሎት ቤትነቱ ባሻገር የመጻሕፍት ጎተራ ነበር። ገበሬ ለክፉ ቀን እህሉን በጎተራ እንደሚያኖር፣ የአገሪቱም እውቀት በብራና ተጽፎ በገዳማት ዕቃ ቤት ይቀመጥ ነበር።

የብራና መጽሐፍ አሠራር ለገጠር ሰው እንግዳ አይደለም። ገጹ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፤ ተፍቆ፣ ተወጥሮ፣ ደርቆ ይለሰልሳል። ብዕሩ መቃ ነው፤ በወንዝ ዳር የሚበቅለው ሸምበቆ ተቆርጦ ጫፉ ይሾላል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከታረረ እህል ይዘጋጃል። መጽሐፉ ከእርሻውና ከከብት እርባታው የወጣ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ለመጻፍ የብዙ እንስሳት ቆዳና የብዙ ወራት ድካም ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ የብራና መጽሐፍ ሲቃጠል የሚጠፋው ንባቡ ብቻ አይደለም፤ የመንጋ ቆዳና የሰው ዕድሜም አብሮ ይጠፋል።

ያ መከራ በአባ ተስፋ ጽዮን ወጣትነት ደረሰ። በ1529 በሽንብራ ኩሬ በተደረገው ጦርነት የአፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ተሸነፈ። በ1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በቆየው ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ወደሙ፤ በውስጣቸው የነበሩት መጻሕፍትም አብረው ጠፉ። ገበሬው ከእርሻው፣ መነኩሴው ከበዓቱ ተፈናቀለ።

በ1530ዎቹ መጨረሻ አባ ተስፋ ጽዮን በሮም ከተማ ይገኙ ነበር። የዚያ ዘመን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደ ሮም የሚደርሱት በአብዛኛው በግብፅና በኢየሩሳሌም በኩል ሲሆን መንገዱ በእግር፣ በግመልና በመርከብ የሚታለፍ አድካሚ ነበር። በሮም ግን የሚያርፉበት ቤት አላጡም። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ የተባለ ቤተ ክርስቲያንና መኖሪያ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆኖ ነበር። ቦታው ዛሬም በቫቲካን ግዛት ውስጥ ይገኛል፤ የኢትዮጵያ ኮሌጅም በዚያው በቫቲካን ነው።

አባ ተስፋ ጽዮን የዚህ ማኅበር አለቃ ሆኑ። የሮም ሰዎች ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ፣ አንዳንዴም ጴጥሮስ ህንዳዊ ይሏቸው ነበር፤ በዚያ ዘመን ብዙ አውሮፓውያን ኢትዮጵያን ከህንድ ለይተው አያውቋትም ነበርና። አባ ተስፋ ጽዮን ላቲንና ኢጣሊያንኛ ተማሩ። ከካርዲናሎችና ከሊቃውንት ጋር ወዳጅነት መሠረቱ። ጳጳሱ ጳውሎስ ሣልሳዊም ያውቋቸውና ይረዷቸው ነበር። ብዙ ስደተኛ ዕለት ጉርሱን ሲያስብ እርሳቸው ሌላ ነገር አሰቡ፤ መጽሐፍ ማሳተም።

ሐሳቡ ለምን እንደመጣ ለመረዳት በዚያ ጊዜ የነበረችውን ሮም ማየት ያስፈልጋል። የማተሚያ መሣሪያ ከተፈለሰፈ መቶ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር፤ ነገር ግን የኢጣሊያ ከተሞች በማተሚያ ቤቶች ተሞልተዋል። ከነዚህ ቤቶች ስመ ጥር የሆነው በቬኒስ የነበረው የአልዶ ማኑዚዮ ቤት ነው። አልዶ በ1501 የሮማዊውን ባለቅኔ የቨርጂልን ሥራዎች በትንሽ መጠን፣ በእጅ በሚያዝ መጽሐፍ አሳተመ። ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ዘመም ባለው አዲስ ፊደል የተሠራ ነበር። ፊደሉን በብረት የቀረጸለት ፍራንቸስኮ ግሪፎ የተባለ የቦሎኛ ሰው ነው።

ለገበሬ አንባቢያን አንድ ነገር እንጨምር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከተካተቱት የቨርጂል ሥራዎች አንዱ ስለ ግብርና የተጻፈ ረጅም ግጥም ነው። አራት ክፍሎች አሉት፤ ስለ እህል አዘራር፣ ስለ ዛፍና ወይን ተክል፣ ስለ ከብት እርባታና ስለ ንብ ማነብ ይናገራል። በዓለም ላይ ሙሉ በሙሉ በኢታሊክ የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፍ እርሻና ቀፎም ይዞ እንደተወለደ ማወቅ ደስ ያሰኛል።

ኢታሊክ ፊደል ከምን መጣ? ከእጅ ጽሑፍ ነው። የኢጣሊያ ጸሐፍት በፍጥነት ሲጽፉ እጃቸው ወደ ቀኝ ያዘነብል፣ ፊደሎቹም ይጠብቡና እርስ በርስ ይቀራረቡ ነበር። በሮም የጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤዎች በዚህ ዓይነት እጅ ይጻፉ ነበር። ከነዚያ ጸሐፍት አንዱ ሉዶቪኮ ዴሊ አሪጊ በ1522 ይህን አጻጻፍ የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ በሮም አወጣ፤ ኋላም የራሱን ኢታሊክ የማተሚያ ፊደል አሠራ። ከእርሱ በኋላ በሮም የሠራው አታሚ አንቶኒዮ ብላዶ በአሪጊ መንገድ የተሠራ ፊደል ይጠቀም ነበር።

የዚህ ፊደል ጠባይ እንዲህ ነው። ዝማሜው ትንሽ ነው፤ ነፋስ ቀስ ብሎ እንደነካው የስንዴ ዛላ እንጂ ዝናብ እንደጣለው አዝመራ አይደለም። ፊደሎቹ ጠባብ ናቸው፤ ስለዚህ በአንድ መስመር ብዙ ቃል ይይዛል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚወጡት ዘንጎች ረጃጅም ናቸው። በጭረቶቹ መነሻና መድረሻ ላይ ብዕሩ ሲነካና ሲነሣ የሚተወው ትንሽ እግር ይታያል፤ ይህ እግር በማተሚያ ቤት ቋንቋ ሰሪፍ ይባላል። አንባቢ ሲያየው የሰው እጅ ይሸተዋል፤ ደብዳቤ የተጻፈለት ያህል ይሰማዋል። በ1923 ሞኖታይፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የዚህን ዘመን ፊደል እንደገና አስቀርጾ ብላዶ የሚል ስም ሰጠው። ከአራት መቶ ዓመታት በፊት በሮም የሠራ አታሚ ስም በዚህ መንገድ ለፊደል ስም ሆኖ ኖረ።

አባ ተስፋ ጽዮን የኖሩት በዚህች ከተማ፣ በነዚህ ፊደሎች መካከል ነው። የላቲን አንባቢ የሚፈልገው መጽሐፍ በቀጥታም በዘመመም ፊደል ተመርጦ ሲቀርብለት ያዩ ነበር። የግእዝ አንባቢ ግን በዚያ ሁሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ ቦታው ጠባብ ነበር። ከእርሳቸው በፊት የተደረገ አንድ ሙከራ ብቻ ትልቅ ፍሬ አፍርቶ ነበር። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን በቅዱስ እስጢፋኖስ ያረፉ ኢትዮጵያውያን ሲዘምሩ ሰምቶ ቋንቋቸውን ከመካከላቸው ከአንዱ ተማረና በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ በሮም አሳተመ። ይህ በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ፖትከን ግን ቋንቋውን ከለዳዊ ብሎ ሰየመው፤ ስሕተቱም በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ ቆየ።

አባ ተስፋ ጽዮን የተነሡት ከዚያ ለሚበልጥ ሥራ ነው። መዝሙረ ዳዊት አንድ መጽሐፍ ነው፤ ሐዲስ ኪዳን ግን የብዙ መጻሕፍት ስብስብ ነው። በአገር ቤት ብራናው በሚቃጠልበት ዘመን አንድን ንባብ በብዙ ቅጂ ማባዛት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከተፈናቀለ መነኩሴ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አንድ ቅጂ በአንድ ገዳም ቢጠፋ ሌላው በሌላ አገር ይተርፋል።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን አንድን ፊደል ለማተም አስቀድሞ ቅርጹ በጠንካራ ብረት ጫፍ ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል። ያ ብረት በመዳብ ላይ ተመትቶ ጉድጓድ ይሠራል። በጉድጓዱ ውስጥ የቀለጠ እርሳስ ሲፈስስ ፊደሉ ይወጣል። ላቲን ከሃያ በጥቂት የሚበልጡ ፊደሎች፣ ትልቁና ትንሹ ቢቆጠር እጥፍ ያህሉን ይጠይቃል። ግእዝ ግን 26 ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ ሲቆጠሩ 182 ይሆናሉ፤ 20ዎቹ ዲቃላ ፊደላት ሲጨመሩ 202 ይደርሳሉ። ቁጥሮችና ነጥቦች ከዚህ ውጭ ናቸው። እያንዳንዳቸው ለብቻ መቀረጽ አለባቸው።

ለሥራው የተመረጡት አታሚዎች ቫሌሪዮ ዶሪኮና ወንድሙ ሉዊጂ ናቸው። ዶሪኮዎች በሮም የታወቁ የሙዚቃ መጻሕፍት አታሚዎችም ነበሩ። አባ ተስፋ ጽዮን ከጎናቸው ሁለት የአገራቸውን መነኮሳት፣ ተንሥአ ወልድንና ዘሥላሴን አሰልፈው ሠሩ። ከኢጣሊያውያን ወገን ደግሞ ፒየር ፓኦሎ ጓልቲየሪ የተባለ የጳጳሱ ቤት ጸሐፊ ረዳቸው። በኋላ ጳጳስ የሆኑት ካርዲናል ማርቼሎ ቸርቪኒም የሥራው ደጋፊ ነበሩ።

ትልቁ ችግር ከዚህ በኋላ መጣ። በማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚው ከሣጥን ውስጥ አንድ አንድ የእርሳስ ፊደል እያነሣ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበበውን ጽሑፍ እንደ መስተዋት ገልብጦ ይደረድራል። ዶሪኮዎች ግእዝ አያነቡም። ለእነርሱ በ እና ቡ፣ ቢ እና ቤ ትንሽ ጭረት የጨመሩ ሥዕሎች እንጂ የተለያዩ ድምፆች አልነበሩም። መነኮሳቱ ደግሞ ያነባሉ እንጂ ማተም አያውቁም። አባ ተስፋ ጽዮን በመጽሐፉ ውስጥ ይህን ሁኔታ በግልጽ ነግረው አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ያተሙት ሰዎች ማንበብ እንደማይችሉ፣ የሚያነቡትም ማተም እንደማይችሉ ገልጸው፣ ሁለቱ ወገኖች ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተደጋግፈው እንደሠሩ ተናግረዋል።

ሌላም ጉድለት ነበር። በእጃቸው የነበረው የሐዋርያት ሥራ ቅጂ ሙሉ አልነበረም። አባ ተስፋ ጽዮን የጎደለውን ከሌላ ቋንቋ ወደ ግእዝ መልሰው ሞሉት። ይህንንም አልደበቁም። አንድ ገበሬ በማሳው ውስጥ የትኛው መሬት የራሱ ዘር፣ የትኛው የተዋሰው ዘር እንደበቀለበት ለጎረቤቱ እንደሚያሳይ፣ እርሳቸውም የትኛው ንባብ ከጥንቱ፣ የትኛው ከእጃቸው እንደሆነ አሳወቁ።

በ1548 መጽሐፉ ወጣ። አራቱ ወንጌላት፣ ራእየ ዮሐንስ፣ የሐዋርያት መልእክታት፣ የሐዋርያት ሥራና ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት በውስጡ ነበሩ። ሥርዓተ ቅዳሴም ተጨምሮበታል። በ1549 ደግሞ የቀሩት የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ታተሙ። ሐዲስ ኪዳን በግእዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በኅትመት የተሟላው በዚህ ሁኔታ ነው። በላቲን በተጻፈው የርእስ ገጽ ላይ የጳጳሱ የጳውሎስ ሣልሳዊና የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት የአፄ ገላውዴዎስ ስም በአንድነት ሰፈረ። በዚያው ገጽ ላይ የቋንቋው ስም ግእዝ፣ ትርጉሙም ነፃ መሆኑ ተጻፈ። ከለዳዊ የሚለው አጠራር የሕዝብ ልማድ መሆኑ ተጠቅሶ እውነተኛው ስም ቦታውን አገኘ። ስሙን በተሳሳተ መጠሪያ ሲሰማ ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ድል አይደለም።

በ1549 ጓልቲየሪ የኢትዮጵያን የጥምቀትና የቅዳሴ ሥርዓት ወደ ላቲን ተረጎመው። ያተመው ከላይ ስሙን ያነሣነው አንቶኒዮ ብላዶ ነው። እነሆ ሁለቱ መንገዶች እዚህ ተገናኙ። ስሙ ዛሬ የሚያምር ኢታሊክ ፊደል መጠሪያ የሆነው አታሚና የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ሠሩ።

አባ ተስፋ ጽዮን አስተማሪም ነበሩ። ከእርሳቸው ግእዝ ከተማሩት አንዱ ማሪያኖ ቪቶሪ በ1552 በሮም የመጀመሪያውን የታተመ የግእዝ ሰዋስው አወጣ። ለቅዱስ እስጢፋኖስ ማኅበርም መነኮሳቱ የሚተዳደሩበትን ደንብ አዘጋጅተዋል፤ እንግዳ እንዴት እንደሚስተናገድ፣ ጠብ ያነሣ ምን እንደሚደርስበት ሳይቀር የተጻፈበት ነው። በሰው አገር የሚኖር ማኅበር ሥርዓት ከሌለው እንደሚበተን ያውቁ ነበር።

ጤንነታቸው ግን አልጸናም። ሕመም ሲበረታባቸው አየሩ ይሻላል ተብሎ ወደሚታሰበው በሮም አቅራቢያ ወዳለው ወደ ቲቮሊ ሄዱ፤ በዚያም ገና በ40ዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳሉ ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ተመልሶ ተቀበረ። አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም።

ሥራቸው ግን ተጓዘ። በ1657 በለንደን የተጠናቀቀው፣ በብዙ ቋንቋዎች ጎን ለጎን የታተመው ታላቅ መጽሐፍ ቅዱስ ለግእዙ ሐዲስ ኪዳን የተጠቀመው የአባ ተስፋ ጽዮንን ኅትመት ነው። ከሞታቸው መቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1649፣ ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ለመማር ወደዚያው ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ሄደ። በዚያ ያገኛቸው መምህር የአምሓራ መካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ሉዶልፍ በኋላ ያወጣቸው የግእዝና የአማርኛ መዛግብተ ቃላትና ሰዋስው ከዚህ ግንኙነት የተወለዱ ናቸው። አባ ተስፋ ጽዮን ያጸኑት ቤት ለሌላው ሊቅ ወንበር ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ዘመም ያለ ፊደል በሮም ይህን ያህል ሲወደድ አባ ተስፋ ጽዮን ያሳተሙት ግእዝ ለምን ቀጥ ብሎ ቆመ? መልሱ በብራናው ላይ ነው። የግእዝ ጸሐፊ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው አቁሞ ይጽፋል፤ ፊደል ከፊደል አይያያዝም፤ ቃልን ከቃል ሁለት ነጥብ ይለየዋል። የሙያው ስም ራሱ ቁም ጽሕፈት ነው። የኅትመቱ ፊደል የተከተለው ይህንን የብራና ልማድ ነው። አንባቢው በገዳሙ የለመደውን መልክ በወረቀት ላይ አገኘ።

ማጉላት ሲያስፈልግም የእኛ ጸሐፍት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። የላቲን አታሚ የመጽሐፍ ርእስን፣ የባዕድ ቃልንና አጽንዖት የሚሰጠውን ቃል በኢታሊክ ይለያል። የብራና ጸሐፊ ግን ቀይ ቀለም ያነሣል፤ የአምላክን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ይጽፋል። ሁለቱም መንገዶች አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ የአንባቢን ዓይን ያዝ ያደርጉና እዚህ ላይ አስተውል ይላሉ። የአንዱ መሣሪያ ዝማሜ፣ የሌላው ቀለም ነው።

ዘመናት አለፉ። ኅትመት ወደ አገር ቤት ገባ፤ በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። እርሳስ ፊደል ለኮምፒዩተር ቦታውን ለቀቀ። በ1999 የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገባ። ዛሬ ማንኛውም ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ የአማርኛን ጽሑፍ ማዝመም ይችላል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ በዚህ ጊዜ የሚያደርገው የቆመውን ፊደል ገፍቶ ማጋደል ነው። እውነተኛው ኢታሊክ በእጅ ጸሐፊ ዓይን እንደገና የተሣለ ሌላ ፊደል እንጂ የተገፋ ፊደል አይደለም።

ልዩነቱ የውበት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ጸሐፊ በገጠር ሥራው ተረድቷል። አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ገበሬ የፀረ አረም ኬሚካል ማብራሪያ ወረቀት ይዘው መጡ። ዓይናቸው አልደከመም፤ ጋዜጣ ያነባሉ። የኬሚካሉና የውኃው መጠን የተጻፈበት መስመር ግን በደቃቅና በተጋደለ ፊደል ስለታተመ ሊለዩት አልቻሉም። አሳታሚው መስመሩን ያዘመመው እንዲጎላ አስቦ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ግን ከሁሉ ይልቅ መነበብ የሚገባው መስመር ከሁሉ ይልቅ የማይነበብ መሆኑ ነበር። በአማርኛ ፊደል ቡ እና ቢ የሚለዩት ቅጥያቸው በወገብ ወይም በእግር ላይ በመሆኑ ብቻ ነው፤ ለ እና ላ የሚለዩት በእግር ርዝመት ነው። ፊደሉ ሲያንስና ሲጋደል እነዚህ ትንንሽ ምልክቶች ይደበዝዛሉ። በመጠን ላይ የሚፈጸም ስሕተት ደግሞ ማሳ ያቃጥላል፤ ሰው ይጎዳል።

እንግዲህ ኢታሊክን መናቅም፣ ያለ ቦታው ማስገባትም አይገባም። በሠርግ መጥሪያ ላይ የሙሽሮችን ስም ቢያስጌጥ ያምርበታል፤ በጥቂት ቃላት ላይ፣ ሰፋ ባለ መጠን፣ ቀስ ተብሎ ለሚነበብ ነገር የተመቸ ነው። በላቲን ፊደል በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ የመጽሐፍን ስም ከሌላው ለይቶ ያሳያል። የማዳበሪያ መጠን፣ የመድኃኒት አወሳሰድ፣ የውል ቃልና የፍርድ ቤት መጥሪያ ግን በቁም ፊደል ቢጻፉ ይሻላል። ማጉላት ካስፈለገ ደመቅ ያለ ፊደል፣ ሰፊ ክፍተት ወይም እንደ አባቶቻችን ቀይ ቀለም አለ።

አባ ተስፋ ጽዮን ለዚህ ትምህርት የሚሆን ሕይወት ኖረዋል። በውበት በተሞላች ከተማ ተቀምጠው ያሳሰባቸው አንባቢው ነበር። ፊደላቸው ሲወላገድ ይቅርታ ጠየቁ፤ ንባቡ ሲጎድል ጉድለቱን ተናገሩ፤ የቋንቋቸው ስም ሲሳሳት አቀኑት። በደብረ ሊባኖስ የነደደውን ብራና መመለስ አልቻሉም። ነገር ግን በእርሳስ የቀለጠው ፊደላቸው በብዙ ቅጂ ወጥቶ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ፤ ዛሬም እዚያው ይነበባል።

በካዛንቺስ የመጥሪያ ካርድ ለማሳተም የቆመ ሰው፣ በገጠርም የዘር ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ ገበሬ፣ የሚያዩት እያንዳንዱ የታተመ የግእዝ ፊደል ከዚያ ረጅም መንገድ የተረፈ ነው። በመንገዱ መጀመሪያ ላይ አገሩ የተቃጠለችበት፣ ማተም የማያውቅ፣ ማንበብ ከማይችሉ አታሚዎች ጋር የተጋገዘ አንድ መነኩሴ አለ።